ስድስት ዳክዬና አንድ ሳፋ፦ የስምንት ወር ልምዴ

ባለፈው ጥቅምት ስድስት ነጫጭ የፔኪን ዳክዬ ጫጩቶች ገዛሁ። አሁን ሰኔ ነው። ዶሮ ለዓመታት ስላረባሁ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዳክዬ ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቁ ልዩነት ውሃው ላይ ነው።

ኩሬ የግድ አያስፈልግም። ጭንቅላታቸውን የሚነክሩበት ጠለቅ ያለ ሳፋ ግን ያስፈልጋል። ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን የሚያጸዱት በሱ ነው። መኖ ይጎርሱና ወደ ሳፋው ይሮጣሉ። ይጎርሱና ይሮጣሉ። ጠዋት የሞላሁት ንጹህ ውሃ ቁርሴን ሳልጨርስ ጭቃ ይሆናል። በኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት በጣም ተቸግሬ ነበር። በኋላ ቆሻሻውን ውሃ ጎመኑ ሥር መድፋት ጀመርኩ። አቤት ጎመኑ እንዴት አማረ! ማጠር ግን አትርሱ፤ ካገኙት ቅጠል አያስቀሩም። የሳፋውንም ቦታ በየሁለት ቀኑ እቀይራለሁ፣ አለዚያ መሬቱ ይሸታል።

ጫጩት ሳሉ የአንዷ እግር ዛለና መቆም አቃታት። የእንስሳት ሐኪሙ ዳክዬ ከዶሮ የበለጠ ኒያሲን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ3፣ እንደሚፈልግ ነገረኝ። የዶሮ መኖ ብቻ ነበር የምሰጣቸው። ቫይታሚን ስጨምርላት ተሻላት።

ወንድና ሴቱን የለየሁት ድምፃቸው ሲወጣ ነው። ጮክ ብላ የምትጮኸው ሴቷ ናት። ወንዱ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ጅራቱ ላይም የተጠቀለለ ላባ ያወጣል። ሁለቱ ወንድ ሆኑ። ለአራት ሴት ሁለት ወንድ በዛ፤ የሴቶቹን የአንገት ላባ ነጩት። አንዱን ለዘመድ ሰጠሁ፣ ሰላም ሆነ።

ዶሮ ሲመሽ ራሷ ቆጥ ላይ ትወጣለች። እነዚህ ግን ካልነዷቸው አይገቡም። አንድ ቀን አምሽቼ መጣሁ። ሸለምጥማጥ አንዷን ወስዷታል። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቤት ነኝ።

እንቁላል መጣል የጀመሩት መጋቢት ላይ፣ ልክ በዐቢይ ጾም ነው። ጠዋት በማለዳ ጭዱ ላይ ይጥላሉ፣ አንዳንዴም ሜዳው ላይ። ጾሙ እስኪፈታ እንቁላሉ ተጠራቀመ። እናቴ መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ይበላል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ለፋሲካ ዶሮ ወጡ ውስጥ የገባው እሱ ነው። ከዶሮ እንቁላል ይተልቃል፣ ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ አስኳሉም ትልቅ ነው። አሁን እናቴ ራሷ «ዛሬ ስንት ጣሉ?» ትላለች።

አፈር ያለው ጓሮ ላለው ሰው ዳክዬ እመክራለሁ። ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ ወይም ጎረቤት ግድግዳ ለግድግዳ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ጩኸቱም ጭቃውም አያስቀምጥም።

ሰሞኑን ዝናቡ ጀምሯል። ዶሮዎቹ ጣሪያ ሥር ይኮለኮላሉ፣ ዳክዬዎቹ መሃል ጓሮ ቆመው በዝናቡ ይመታሉ። እኔም አሸንዳው ሥር በርሜል አስቀመጥኩ። ይኸው ሁለት ሳምንት፣ ለሳፋው የቧንቧ ውሃ አልቀዳሁም።