ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ለምትፈልጉ፦ እኚህን ባለሙያ ሳታማክሩ አትግዙ

መርካቶ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴፕና የሸክላ ማጫወቻ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም፤ እኛ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ካላቀረብኩ ውለታቸው ይከነክነኛል።

የእህቴ ልጅ ከአያቱ የወረሳቸው ሸክላዎች አሉት። አብዛኞቹ አምሃ፣ ካይፋና ፊሊፕስ የተባሉ አሳታሚዎች ያወጧቸው ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት) ትንንሾቹ ናቸው። ከመካከላቸው የዓለማየሁ እሸቴና የማህሙድ አህመድ ይገኙበታል። የአምሃ አሳታሚ መሥራች አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ማሳተም ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ እነዚህ ሸክላዎች በድፍረት የተገኙ ቅርሶች ናቸው። ስለዚህ ልጁ በአነስተኛ ገንዘብ ማጫወቻ ልግዛ ሲል የእኔ ጭንቀት ከማጫወቻው ይልቅ ለሸክላዎቹ ነበር።

ሦስት አማራጮች ነበሩን። አንደኛው ድምፅ ማጉያው አብሮት የተሠራ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ አዲስ ማጫወቻ ነው። ያምራል፤ ዋጋውም አይከብድም። ጋሼ መርፌውን የተሸከመውን ክንድ አነሳ አድርገው አዩና የመርፌውን ክብደት ማስተካከያ እንደሌለው አሳዩን። በእንዲህ ያለው ዕቃ ላይ መርፌው ከሚገባው በላይ ተጭኖ እንደ ማረሻ ሸክላውን እየቆፈረ ይሄዳል። የአያቱን ቅርስ ለዚህ አንሰጥም ብለን ተውነው።

ሁለተኛው አሜሪካ ያለች ዘመዳችን ልትልክልን ያሰበችው ባለ ቀበቶ ማጫወቻ ነበር፤ ሞተሩ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በቀበቶ የሚያዞርበት ዓይነት ነው። ያለ ጋሼ በፍጹም የማናውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው የመጣው። ልጁ «ባለ 110 ስለሆነ ትራንስፎርመር እንገዛለታለን» ሲል ጋሼ፣ «ልጄ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይቀይርልህም» አሉት። የብዙዎቹ አሮጌ ባለ ቀበቶ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኤሌክትሪኩ ምት፣ ማለትም ከሄርዙ ነው። የአሜሪካ 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 50። ስለዚህ በደቂቃ 45 ዙር መዞር የነበረበት ሸክላ እዚህ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል፤ ባለ 33ቱም ከ28 በታች ይወርዳል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። በሞተሩ አናት ላይ ያለችው ትንሽ መዘውር ለ50 ሄርዝ በተሠራ ካልተተካች መፍትሔ የለውም፤ እርሷን ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት ያሰባችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

ሦስተኛው ከአንድ ቤት የሚሸጥ አሮጌ የጃፓን ቴክኒክስ ነበር። ክዳኑ የተጫጫረ፣ ጎኑ የደበዘዘ ስለሆነ ልጁ መጀመሪያ ሊያየው እንኳን አልፈለገም። ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሳህኑን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ሞተሩ ያዞረዋል፣ ፍጥነቱንም በራሱ ሰርኪዩት ስለሚቆጣጠር በሄርዝ ልዩነት አይዛባም። ጋሼ አስቀድመው 220 ቮልት እንደሚቀበል አረጋገጡ። ከዚያ የክንዱን ሚዛን ክብደት በጥቂቱ እያዞሩ ክንዱ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲንሳፈፍ አደረጉት። በጣታቸው ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ሳይንቀራፈፍ፣ ሳይቆም ሄደ። «ይኼ ጤነኛ ነው» አሉ። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት፤ አልተነቃነቀም። ሲያስነሱት በጠርዙ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በትንሿ መብራት ፊት የቆሙ መሰሉ። ፍጥነቱ ትክክል ሲሆን እንዲህ ነው የሚታየው፤ ሲዘገይ ወይም ሲፈጥን ነጠብጣቦቹ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይንሸራተታሉ።

መርፌውን ግን በአጉሊ መነጽር አይተው አንድም ሸክላ እንዳናስነካው ከለከሉን፤ አልቆ ነበር። የክንዱ ራስ የሚወልቅ በመሆኑ ሌላ ካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበትን ትንሽ ዕቃ) መግጠም አያስቸግርም። ስለዚህ ዘመዳችን በማጫወቻው ፋንታ መርፌው ሸክላው ላይ በሁለት ግራም ክብደት እንዲጫን የተሠራ ካርትሪጅ ከነመርፌው ገዝታ በሰው ላከችልን። ጋሼ ገጠሙት፣ በትንሽ ሚዛን ለክተው ሁለት ግራም ላይ አቆሙት። የልጁ አምፕሊፋየር የፎኖ መግቢያ (ለሸክላ ማጫወቻ የተዘጋጀ መሰኪያ) ስላልነበረው ከሸክላ ማጫወቻ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ አነስተኛ መሣሪያም ፈልገው አገኙልን።

ሒሳብ ሲያስከፍሉ የዕቃውን ለብቻ፣ የእጃቸውን ለብቻ ጽፈው ነው። ያወጡትን አሮጌ መርፌ በወረቀት ጠቅልለው መለሱልን። ልጁ የሚጠይቀውን ሁሉ ሳይሰለቹ አስረድተዋል፤ ዛሬ ክብደቱን ራሱ ይለካል፣ ሸክላዎቹንም ሳያጸዳ አያጫውትም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

አድራሻቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለማንም እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛባቸው በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ለመግዛት ያሰባችሁት ማጫወቻ ካለ ከመክፈላችሁ በፊት አሳዩአቸው፤ ካልተቻለም ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተጻፈውን ቮልትና ሄርዝ በደንብ የሚነበብ ፎቶ አንሡና ይዛችሁ ሂዱ።