የሞንጎሊያ ሴቶች የሚሰሩት የሱፍ የቤት ጫማና የድመት መጫወቻ፣ ይገዛል ወይ?

የበረዶ ነብርን ለመጠበቅ የሚሰራው ስኖው ሌፐርድ ትረስት የሚባል ድርጅት የሚሸጣቸውን የሱፍ እቃዎች እንዴት ናቸው ለምትሉ ባጭሩ፣ ጫማው አሪፍ ነው፣ የድመት መጫወቻው (የሱፍ አይጥ ነው) እንደ ድመታችሁ ነው፣ የሚሰቀሉት ትንንሽ ጌጦች ደግሞ ለስጦታ ነፍስ ናቸው።

የሚሰሩት ሞንጎሊያ ውስጥ በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች የሚያረቡ ቤተሰቦች ሴቶች ናቸው። ሱፉ አይፈተልም አይሸመንም፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እየታሸ እየተጠቀጠቀ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ድረስ ነው የሚሰራው፣ ፌልት የሚሉት ማለት ነው። ስለዚህ የሚተረተር ክር የለውም። እግር ያሞቃል ግን አያፍንም፣ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል፣ ሱፍ ነው እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሲደርቅ ይጠፋል። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ግን እንዳትከቱት፣ የልጅ ጫማ ሆኖ ነው የሚወጣላችሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ አሽቶ ጥላ ላይ ማስጣት ይበቃል።

አሁን እቃው ብቻ ቢሆን ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የበረዶ ነብር የሚባለው አውሬ በብዛት የዱር እንስሳ እያደነ ቢኖርም የነዚህኑ ሰዎች በግና ፍየልም ይበላል፣ እረኛው ደግሞ ከብቱ ሲያልቅበት ቢገድለው አይገርምም፣ ቆዳውን የሚፈልግ ገዢም አይጠፋም። በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ይፋ የሆነው የሞንጎሊያ አገር አቀፍ ጥናት የነብሮቹን ቁጥር የገመተው 950 አካባቢ ነው፣ ለዛ ሁሉ ሰፊ አገር ማለት ነው። እና በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ነገር ምንድነው፣ ጥሬ ሱፉን ለነጋዴ በርካሽ ከመስጠት እቃ ሰርታችሁ ሽጡልን፣ በምላሹ ደግሞ እናንተም ጎረቤቶቻችሁም ነብሩንም ነብሩ የሚያድናቸውን የዱር በግና ፍየሎችም ላለመግደል ፈርሙ የሚል ውል ነው። ውሉ ከተከበረ ሴቶቹ ከሸጡት ላይ 20 በመቶ ቦነስ ይጨመርላቸዋል። ከማህበረሰቡ አንድ ሰው እንኳ ከገደለ ግን ቦነሱ ለሁሉም ይቀራል።

እዚህ ጋ ትንሽ ከበድ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር። ምንም ያላጠፋች ሴትዮ በጎረቤቷ ልጅ ጥፋት ገንዘቧን ማጣቷ ፍትህ ነው ወይ? እኔ መጀመሪያ ስሰማው አልተዋጠልኝም፣ ግን ደግሞ አስቡት፣ በዛ ሁሉ ተራራና በረሃ ማን ጠባቂ ተቀጥሮ ይዳረሳል፣ የጠባቂነቱን ስራ የሚሰሩት ጎረቤቶች ራሳቸው ናቸው፣ ወጥመድ ሊያጠምድ የሚያስብ ሰው መንግስትን ባይፈራ የሰፈሩን ሴቶች ይፈራል። ደግሞ ዋናው ክፍያ አይነካም፣ የሚቀረው ጭማሪው ነው፣ ስለዚህ ቅጣቱ ያማል እንጂ አያስርብም።

ስራውን ከጀመሩት አንዷ ባያርጃርጋል አግቫንትሴረን ትባላለች፣ እዛው ሞንጎሊያዊት ናት። ኋላ ላይ ደቡብ ጎቢ ያለው የቶስት ተራራ በ2016 ጥብቅ ስፍራ እንዲሆን የታገለችው፣ እዛ የነበሩት 37 የማዕድን ፈቃዶችም የተሰረዙት በዚሁ ትግል ነው፣ በ2019 ለአካባቢ ጥበቃ ታጋዮች የሚሰጠውን የጎልድማን ሽልማት ሰጥተዋታል። ይሄን የምነግራችሁ የሱፍ አይጥ መሸጥ የትም አያደርስም የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄን የሚመስል እቃ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ስሙን የማልጠራው አንድ ሻጭ ጋ የበረዶ ነብር ስእል ያለበት ነገር አይቼ "ከሽያጩ የተወሰነው ለዱር እንስሳት ይውላል" ይላል፣ ስንት በመቶ፣ ለማን፣ የት ሀገር፣ ማን ሰራው ብዬ ብጠይቅ መልስ የለም። እንደዛ ከሆነ ዝም ብላችሁ እለፉት፣ ማን እንደሰራውና ውሉ ምን እንደሆነ የማይነግራችሁ ሻጭ የሚሸጥላችሁ ስእሉን ብቻ ነው።

ለመግዛት የወሰናችሁ፣ ጫማው እየለበሳችሁት ትንሽ ስለሚሰፋ በልካችሁ ጥብቅ የሚለውን ውሰዱ፣ ሴራሚክ ወለል ላይ ያንሸራትታል፣ ሽማግሌ ላለበት ቤት ከስር የማያንሸራትት ነገር ይለጠፍበት። ድመት ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ አንድ አይጥ ብቻ ግዙ፣ የኛዋ አንድ ጊዜ አሽትታ ሄዳ ካርቶኑ ውስጥ ተኛች።