ሶርቲንግን በእርሳስ ያስጀመረን የሀዋሳው የምሽት ኮርስ

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ የሚሰጥ የጀማሪዎች የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ኮርስ በቅርቡ ጨርሻለሁ። ጥሩ ኮርስ ነው። ሁሉም ክፍሉ ግን እኩል ጥሩ አይደለም። አንጀቴን ያራሰው ሶርቲንግ፣ ማለትም ዝርዝርን በቅደም ተከተል መደርደር፣ የተማርንበት ክፍል ነው፤ ይህን የምጽፈውም በዋናነት ስለሱ ነው።

እኔ የሂሳብ መምህርት ነኝ፤ የክፍል ኃላፊም ነኝ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሮስተር መሙላት፣ አማካይ ማውጣት፣ ከዚያ ደረጃ መስጠት የእኔ ሥራ ነው። ስልሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል ደረጃ በእጁ ያወጣ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። «ኤክሴል አይበቃሽም ወይ?» ያሉኝ ነበሩ። ለሥራው ይበቃል። እኔ የፈለግኩት ግን ማሽኑ አንደኛውን ከሁለተኛው የሚለየው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ነው። ተማሪ ሲጠይቀኝ «ይሠራዋል» ብቻ ብሎ ማለፍ ደስ አይለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የትም የሚገኙ ናቸው። ቫሪያብል (እሴት መያዣ)፣ ኢፍ (ቅድመ ሁኔታ)፣ ሉፕ (ድግግሞሽ)። አሰልጣኙ ትንሽ ይፈጥናል፤ ዩቲዩብ ላይ የሚከታተል ሰውም እዚህ ድረስ ይደርሳል።

ሶርቲንግ ላይ ስንደርስ አሰልጣኙ ኮምፒውተሮቹን አስዘጋን። ወረቀትና እርሳስ አውጡ አለ። ነጭ ሰሌዳው ላይ አራት ውጤቶች ጻፈ፦ 54፣ 91፣ 67፣ 88። ከትልቅ ወደ ትንሽ ነው የምንደረድረው። ሕጉ አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን አወዳድሩ፣ የግራው ካነሰ አቀያይሩ። በመጀመሪያው ዙር 54 እየተገፋ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ዝርዝሩ 91፣ 67፣ 88፣ 54 ሆነ። በሁለተኛው ዙር 67 እና 88 ቦታ ተለዋወጡ። በዓይናችን ስናየው አልቋል። «ፕሮግራሙ ግን ማለቁን በምን ያውቃል?» ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ ዝም አለ። መልሱን ያገኘነው ሦስተኛውን ዙር በእርሳስ ዞረን ነው። አንድም ነገር ሳይቀያየር የተጠናቀቀ ዙር ካለ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ይህ አደራደር ባብል ሶርት ይባላል፤ ጽፈውት የሚያውቁ ይህች ነገር ኮዱ ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ እንደምትመስል ያውቃሉ። እኛ ግን ኮዱን ስንጽፍ ለምን እዚያ እንደገባች ገብቶን ነበር።

የአሰልጣኙን ችሎታ ያየሁት ግን ኮድ መጻፍ ስንጀምር ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ፕሮግራሟን ስታስነሳው አልቆም አለ። የአንዳንዶቻችን ሠርቷል፤ የእሷ ዝም ብሎ ይዞራል። አሰልጣኙ መጣ፣ ስክሪኑን አየ፣ ስህተቱን ወዲያው እንዳወቀው ያስታውቅ ነበር። ኪቦርዱን ግን አልነካም። «እስኪ እህቴ፣ 78 እና 78 ብቻ ያለበት ሊስት ስጪውና በወረቀት ተከተዪው» አላት። ተከተለችው። «የግራው ካነሰ» በሚለው ቦታ «ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ» ብላ ጽፋለች። ሁለት እኩል ቁጥሮች ስለዚህ ለዘላለም ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ያለ ቅይይር የሚያልፍ ዙር አይኖርም። ራሷ አገኘችው፣ ራሷ አስተካከለችው። እኔ በማስተምርበት ክፍልም እንዲህ ያለ ትዕግሥት ቢኖር እመኛለሁ።

ለእኔ ይህ ነጥብ ሌላም ትርጉም አለው። የክፍል ስም ዝርዝር በፊደል ተራ የተጻፈ ነው። ሁለት ልጆች እኩል አማካይ ካመጡ በፊደል ተራቸው ተከታትለው ቢቆዩ እፈልጋለሁ። ባብል ሶርት በትክክል ከተጻፈ እኩል የሆኑትን አያነካካም። ሴሌክሽን ሶርት ግን፣ በየዙሩ ከቀሩት ትልቁን ፈልጎ ወደ ፊት የሚያመጣው ዘዴ፣ ከሩቅ ጎትቶ ስለሚያቀያይር ይህን ተራ ሊያፈርሰው ይችላል። አሰልጣኙ ይህን በሁለት ስሞች ብቻ አሳየን፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልረሳውም።

ፍጥነትንም በደንብ አስተምሯል። 60 ተማሪ ካለ ባብል ሶርት እስከ 1,770 ጊዜ ያወዳድራል። 600 ሲሆን 179,700 ይደርሳል። ተማሪው አሥር እጥፍ ሲያድግ ሥራው መቶ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጥንዶችን የሚቆጥረውን ቀመር (60×59÷2) እኔ ራሴ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ጥቅሙን ግን እንዲህ ቁልጭ ብሎ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሆን ብሎ ያዘጋጀልን አንድ ወጥመድም ነበር። ውጤት ከኪቦርድ ተቀብሎ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደረድር ፕሮግራም ሰጠን። 100፣ 85 እና 9 ስናስገባ 9 ያመጣው አንደኛ ወጣ፤ 100 ያመጣው መጨረሻ። ፓይተን ከኪቦርድ የሚመጣውን እንደ ጽሑፍ ስለሚይዘው ከመጀመሪያዋ ምልክት ጀምሮ ነው የሚያወዳድረው። ወደ ቁጥር ካልቀየርነው ሮስተሩ ጉድ ይሆናል። ይህን ሳያውቅ የተማሪ ውጤት በፕሮግራም የሚሠራ መምህር ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ኢንሰርሽን ሶርት፣ እያንዳንዱን ቁጥር ቀድመው በተደረደሩት መካከል ቦታው ላይ የሚያስገባው ዘዴ፣ በአንድ ምሽት፣ ያውም በጥድፊያ፣ ነው ያለፈው። ይህ ትክክል አይደለም። ደረጃው ከወጣ በኋላ የሁለት ሦስት ልጆች ውጤት ቢስተካከል፣ ዝርዝሩ በአብዛኛው የተደረደረ ስለሆነ ኢንሰርሽን ሶርት ቶሎ ይጨርሰዋል። ፓይተን ውስጥ ያለው ቲምሶርት የተባለው መደርደሪያ ራሱ፣ ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 የሠራው፣ አጫጭር ክፍሎችን የሚደረድረው በኢንሰርሽን ሶርት ነው። ከሦስቱ ሥራ ላይ ያለውን እንዴት አቻኩለን እናልፈዋለን? ባብል ሶርት ከወሰደው ጊዜ ግማሹ ለሱ ሊሰጥ ይገባ ነበር።

መልመጃዎቹ ላይ ያሉት ስሞችም ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው። እኛ ሮስተር የምንሞላው በአማርኛ ነው። ቤቴ ሞክሬው ፓይተን የአማርኛ ስሞችን በሀሁ ተራ በደንብ ደረደራቸው። ችግሩ ያለው ሞክሼ ፊደላት ላይ ነው። በ«ሀ» የተጻፈ ሀይሉ ከፊት ይመጣል፤ በ«ኀ» ቤት የተጻፈው ኃይሉ ደግሞ ከ«ቸ» በኋላ ይወርዳል። ለአንድ ምሽት ጥሩ መልመጃ ይወጣው ነበር፤ ለአሰልጣኙም ነግሬዋለሁ፣ ደስ ብሎት ማስታወሻው ላይ ጽፎታል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተር የለም። ዴስክቶፕ ላይ ያሉት ያላስቀመጡት ኮድ ይጠፋል። አሰልጣኙ ሰው ከመበተን ይልቅ በስልክ መብራት እርሳሱን ያስቀጥላል፤ ይህ የእሱ ጥረት ነው እንጂ የማሰልጠኛው አይደለም። ክፍያ የሚቀበል ቦታ ቢያንስ ለማሽኖቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ሊያደርግ ይገባል።

መግባት የምታስቡ ላፕቶፕ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባትሪው የሚሠራ ይሁን። ክፍያው በሁለት ጊዜ ይከፈላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ሶርቲንግን ማን እንደሚያስተምር ጠይቁ፤ በእርሳስ የሚያስጀምረው ሰው ከሆነ ሳታመነቱ ተመዝገቡ።