ፒስተን ስቶፕ እና ፉጨቱ፦ አንዱን ግዙ፣ ሌላውን ተዉት

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የተናደድኩት ግን በገዛሁት ዕቃ ሳይሆን በሞተሬ ፑሊ፣ ማለትም በክራንኩ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ) ጫፍ ላይ ባለው የቺንጋ መዘውር ነው።

መኪናዬ ካርቡሬተርና ዲስትሪቢውተር (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ያለው አሮጌ ነው። ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ፣ ራሴ በታይሚንግ መብራት አስተካከልኩት፤ መብራቱ ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ብልጭ እያለ ፑሊው ላይ ያለውን ምልክት ያሳያል። መመሪያው ከቶፕ (ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ከሚደርስበት ጫፍ) በፊት 10 ዲግሪ ይላል፣ እኔም ልክ 10 ላይ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ግን መኪናው ዳገት ባየ ቁጥር ይለግማል። ሙቀቱም ከወትሮው ከፍ አለ። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ካንዴላ ቀየርኩ። የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ስንገላታ ከርሜ አንድ ማታ ተኝቼ ሳስበው ያልጠረጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ፑሊው ላይ ያለችው ጭረት። ምልክቷ ራሷ ትክክል ባትሆንስ?

ያን ጊዜ ነው ይህን ትክክለኛውን ቶፕ መፈለጊያ ዕቃ የገዛሁት። ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ውስጧ ፒስተን ስቶፕ አለ፣ አንድ ፉጨት (አየር ሲገፋው የሚጮህ ፊሽካ) ከነላስቲክ ቱቦው አለ፣ 10 እና 12 ሚሊ ጥርስ ያላቸው ሁለት አዳፕተሮች አሉ። ፒስተን ስቶፑ ሲያዩት ምንም አይመስልም። በካንዴላ ቀዳዳ የሚገባ 14 ሚሊ ጥርስ ያለው ብረት ነው፣ በመሃሉ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ረጅም ብሎን ያልፋል፣ ብሎኑን ባለበት የሚያስቀር ዳዶ አለው። በቃ። የሚበላሽ ነገር የለውም፣ ባትሪ አይፈልግም። ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሁን አንዳንዱ "ለዚህ ዕቃ ይገዛል እንዴ? ካቻቢቴ ቀዳዳው ውስጥ ከተህ እስከሚወጣበት ድረስ ክራንኩን ማዞር ነው" ይለኛል። እኔም ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ችግሩ ፒስተን ቶፕ ላይ ሲደርስ የቆመ እስኪመስል ድረስ ይዘገያል። በቁጥር ላሳያችሁ። የፒስተኑ ጉዞ 86 ሚሊ ሜትር፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ደግሞ 140 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር ውሰዱ። ክራንኩ ከቶፕ 1 ዲግሪ ሲያልፍ ፒስተኑ የሚወርደው ከመቶኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። 5 ዲግሪ ቢያልፍ እንኳ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢወርድ ነው። ካቻቢቴያችሁ 0.2 ሚሊ ወረደች አልወረደች በዓይን ለይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። የለስላሳ መጠጫ ስትሮም ያው ነው። ስለዚህ በካቻቢቴ ያገኛችሁት "ቶፕ" ወዲህ 5፣ ወዲያ 5 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ግን ልክ ነው ብላችሁ ትማላችሁ።

ፒስተን ስቶፕ ይህን ችግር የሚያልፈው ተንኮል በሚመስል ዘዴ ነው፤ ቶፕን ጭራሽ አይፈልገውም። ፒስተኑን ቶፕ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ያስቆመዋል፣ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ አዙራችሁ በዚያኛው በኩልም ያስቆመዋል። የሁለቱ ማቆሚያዎች እኩሌታ ቶፕ ነው። ፒስተኑ በሁለቱም በኩል የሚቆመው እኩል ከፍታ ላይ ስለሆነ መሃሉ ሌላ ሊሆን አይችልም። ደግሞ ከቶፕ 25 ዲግሪ ራቅ ብሎ ሲሆን ያ ፒስተን በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ሚሊ ያህል ይንቀሳቀሳል። እዚያ ላይ ሲነካ "ቅጭ" ብሎ ይቆማል፣ ማወላወል የለም።

እኔ እንዲህ አደረግኩ። ማርሹን ነፃ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ካንዴላዎቹን ሁሉንም አወጣሁ። አንዱን ብቻ ካወጣችሁ የሌሎቹ ሲሊንደሮች አየር እየተቃወመ ክራንኩን ያስቸግራችኋል፣ ፒስተኑ ብረቱን ሲነካም በእጃችሁ አይሰማችሁም። ከዚያ ፒስተን 1 ከቶፕ ወረድ እንዲል አድርጌ ስቶፑን በእጄ ብቻ እስከመጨረሻው አጠበቅኩት። ፑሊው ብሎን ላይ ቡሶላ ከነእጀታው አስገብቼ ቀስ፣ በጣም ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ነካ። ከጠቋሚው ትይዩ ፑሊው ላይ በነጭ ማርከር ሰረዝ። በተቃራኒው አዞርኩ፣ አንድ ዙር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነካ። ሌላ ሰረዝ። በሁለቱ ሰረዞች መካከል ያለውን በልብስ ሰፊ ሜትር በፑሊው ዙሪያ ለካሁ፣ 66 ሚሊ ሜትር ሆነ። እኩሌታው 33። እዚያ ላይ ሦስተኛ ሰረዝ።

የፋብሪካው ምልክት ከእኔ ሰረዝ 13 ሚሊ ሜትር ርቆ ተገኘ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሁሉንም ከአልፋ እስከ ኦሜጋ ደገምኩት። ያው 13። የፑሊዬ ስፋት 150 ሚሊ ነው፣ ዙሪያው 471 ገደማ ይሆናል፣ ለ360 ሲካፈል 1 ዲግሪ 1.3 ሚሊ ነው። ስለዚህ 13 ሚሊ ማለት 10 ዲግሪ ማለት ነው። ምክንያቱም ወዲያው ገባኝ። እንዲህ ዓይነቱ ፑሊ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። መሃሉ ክራንኩ ላይ የታሰረ ብረት ነው፣ ውጭው ከባድ ቀለበት ነው፣ ሁለቱን የሚያያይዛቸው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲያረጅ ቺንጋው እየጎተተው ቀለበቱ ወደኋላ ይንሸራተታል። ምልክቱ ያለው ደግሞ ቀለበቱ ላይ ነው! እኔ በመብራቱ እያየሁ 10 ዲግሪ ቀድሞ ይተኩሳል ያልኩት ሞተር ለካ ልክ ቶፕ ላይ ሲደርስ ነበር የሚተኩሰው። ባይለግም ነበር የሚገርመው።

ፑሊውን ቀየርኩት። የተንሸራተተ ፑሊ ላይ አዲስ ምልክት ቀብቶ መንዳት ለጊዜው ይሠራል፣ ግን የተንሸራተተ ነገ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ብሶበት ከወለቀ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው። በአዲሱ ፑሊ ደግሜ ስለካ ምልክቱና የእኔ ሰረዝ ተገጣጠሙ። ዳገቱም ዳገት መሆኑ ቀረ።

ወደ ፉጨቱ ልምጣ። ፉጨቱን ካንዴላ ቀዳዳው ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ክራንኩን ስታዞሩ ፒስተኑ አየር ሲጨምቅ ይጮሃል፣ ቶፕ ሲደርስ ዝም ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሲሠራ ግን... አንደኛ፣ ድምፁ "ዝም አለ" የሚባለው የት ላይ እንደሆነ ለጆሮ ግልጽ አይደለም፣ ምክንያቱም ያው ቶፕ አካባቢ ፒስተኑ ስለሚዘገይ አየሩም ቀስ እያለ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የእኔ ሞተር ፋሻዎቹ (የፒስተኖቹ ቀለበቶች) ተበልተዋል፣ ቀስ ብዬ ሳዞር አየሩ በጎን ያመልጣል። የሚሰማው ፉጨት ሳይሆን የታመመ ሰው ትንፋሽ ነው። ፈጠን አድርጌ ሳዞር ይጮሃል፣ ግን ፈጠን ስል ቶፕን አልፌው እሄዳለሁ።

ፉጨቱ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፣ እሱም የትኛው ቶፕ ነው የሚለው። በባለ አራት ምት ሞተር ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አንዴ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ፒስተን 1 ሁለት ጊዜ ቶፕ ይደርሳል፤ አንዴ ጨምቆ፣ አንዴ ጭስ አስወጥቶ። ፒስተን ስቶፕ ይህን ለይቶ አይነግራችሁም፣ ለእሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ዲስትሪቢውተር ስትገጥሙ ወይም ቫልቭ ስታስተካክሉ ግን መለየቱ ግድ ነው፣ በተሳሳተው ቶፕ የተገጠመ ዲስትሪቢውተር ሞተሩን አያስነሳም፣ በካርቡሬተሩ ያስተኩሰዋል እንጂ። ግን ለዚህ ፉጨት ምን ያደርጋል? አውራ ጣታችሁን ቀዳዳው ላይ አድርጉ። ስትጨምቅ ጣታችሁን ገፍታ ትወጣለች፣ በጭሱ ምት ቫልቩ ክፍት ስለሆነ ምንም የለም። ጣት በነፃ ነው። የቫልቩ ክዳን ከተከፈተም በዓይን ይታያል፤ በባለ አራት ሲሊንደር የተኩስ ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ከሆነ 1ኛው ጨምቆ ቶፕ ላይ ሲሆን የ4ኛው ቫልቮች አንዱ ሊዘጋ ሌላው ሊከፈት ሲሉ ታገኟቸዋላችሁ።

ስቶፑም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። ትልቁ ቅሬታዬ አዳፕተሮቹ ላይ ነው። የጓደኛዬን መኪና ስንሞክር የካንዴላው ጥርስ 12 ስለነበር አዳፕተሩን ተጠቀምን፣ ስቶፑን ስንፈታ አዳፕተሩ ቀዳዳው ውስጥ ቀረ። በረጅም አፍንጫ ፒንሳ አንድ ሰዓት ፈጀብን። የሱ ሞተር ባለ 16 ቫልቭ ነው፣ ካንዴላው ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ይህ አጭር ስቶፕ ደግሞ ለዚያ የተሠራ አይደለም። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ረጅም አካል ያለውን ፈልጉ። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ካንዴላ አውጥታችሁ የጥርሱን ስፋት ለኩ።

ሌላው፣ ዘዴው ክራንኩን ወደኋላ ማዞር ይጠይቃል። ይህን አምራቹ በወረቀቱ ላይ አልጻፈውም፣ መጻፍ ነበረበት። የታይሚንግ ቺንጋው ወይም ሰንሰለቱ ከላላ ወደኋላ ሲዞር ጥርስ ሊዘል ይችላል። የፑሊው ብሎንም ሊፈታ ይችላል። ስለዚህ ቀስ፣ ከከበዳችሁ ደግሞ ቁሙ። ካንዴላው አጋድሎ በተገጠመበት ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተር ራስ) ላይ ብሎኑ በጣም ከረዘመ ቫልቭ ሊነካ ይችላል፣ መጀመሪያ አሳጥሩት፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አስረዝሙ። ፒስተን አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ብረት ነው። ማን እንደሚጎዳ አይጠፋችሁም።

ዲዝል ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፣ ካንዴላ የላችሁም። ቴስታታው የወረደ ከሆነ ደግሞ ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ይሻላል፣ እሱንም ቢሆን ጫፉ ላይ አትመኑት፣ በግራና በቀኝ እኩል የሚያነብበትን ቦታ ይዛችሁ መሃሉን ውሰዱ። ያው የስቶፑ ዘዴ ነው። ከአሮጌ ካንዴላ ራሱን ስቶፑን መሥራትም ይቻላል፤ ሸክላውን ሰብሮ ማውጣት፣ ጥርስ ማውጣት፣ ጫፉን በሞረድ ያድቦለቦሉትን ብሎን መግጠም። ሠርቼ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላዬን በልቶብኛል፣ የተሠራውን መግዛት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሁለተኛውን ሰረዝ ስሰርዝ ታናሽ ወንድሜ ሊያግዘኝ ፈልጎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር።

"አንዴ ቁልፉን ልንካው? ቶሎ ይዞርልሃል" አለኝ።

"እጅህን አንሳ!" ብዬ የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት ሳይሰማው አይቀርም። ባትሪው ተፈትቶ ስለነበር ምንም አይመጣም ነበር፣ ግን ስቶፑ ሲሊንደሩ ውስጥ እያለ ሞቶሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ቢመታ ኖሮ ፒስተኑ ሊበሳ ይችል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስቶፑን ከሳጥኑ ሳወጣ መጀመሪያ የማደርገው የመኪናውን ቁልፍ ነቅዬ ሳጥኑ ውስጥ፣ በስቶፑ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ስቶፑ ወደ ሳጥኑ ካልተመለሰ ቁልፉ አይወጣም።

ፉጨቱን ልጄ ወስዳዋለች። እሷ ስትነፋው በደንብ ይጮሃል።