ቁጥር ያልተጻፈባቸው ዘንጎች፦ የኩይዜኔር ባለቀለም ዘንጎች ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለመጀመሪያ ደረጃ እና ከእኩዮቻቸው ቀድመው ለሚራመዱ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጆች በአንድነት የሚያገለግል የሒሳብ መርጃ መሣሪያ ማግኘት ቀላል አይደለም። ለትንንሾቹ የተሠራው ትልልቆቹን ያሰለቻል፤ ለትልልቆቹ የተዘጋጀውም ትንንሾቹን ያደናግራል። የኩይዜኔር ዘንጎች የሚባሉትን ባለቀለም የእንጨት ዘንጎች ከአንድ የትምህርት ዘመን በላይ በሦስቱም ዓይነት ልጆች እጅ ካየኋቸው በኋላ ግን አንድ ሣጥን ሁሉንም ሊያስተናግድ እንደሚችል፣ ይህን ያስቻለውም በዘንጎቹ ላይ ምንም ቁጥር አለመጻፉ እንደሆነ በሙሉ እምነት እመሰክራለሁ።

መሣሪያውን የፈጠረው ጆርጅ ኩይዜኔር የተባለ የቤልጅየም መምህር ሲሆን፣ በግብፅ እስክንድርያ የተወለደው የሒሳብ አስተማሪ ካሌብ ጋቴኞ ደግሞ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዙ አገሮች አስተዋውቆታል። ዘንጎቹ ዐሥር ዓይነት ናቸው። የሁሉም ወርድና ከፍታ 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ርዝመታቸው ግን ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ደረጃ በደረጃ ያድጋል፤ እያንዳንዱ ርዝመትም የራሱ ቀለም አለው። ቀለሞቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም፦ ቀዩ 2፣ ሐምራዊው 4 እና ቡናማው 8 በአንድ ወገን ሲሆኑ፣ ፈዛዛ አረንጓዴው 3፣ ጠቆር ያለው አረንጓዴ 6 እና ሰማያዊው 9 በሌላ ወገን ይቆማሉ፤ ቢጫው 5 ከብርቱካናማው 10 ጋር ይዛመዳል። ነጩ 1 እና ጥቁሩ 7 ብቻቸውን ናቸው። እኔ የምጠቀምበት ሣጥን 74 ዘንጎች የያዘው የተለመደው የተማሪ ስብስብ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ ነጮች፣ 12ቱ ቀዮች ናቸው፤ ከቢጫው ጀምሮ ያሉት ረጃጅሞቹ ግን ከየዓይነቱ አራት አራት ብቻ ናቸው።

ከትንንሾቹ ልጆች ጋር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ያለምንም መመሪያ እንዲጫወቱ መተው ነው። በዚህ ነፃ ጨዋታ ውስጥ ዘንጎቹን ከአጭር ወደ ረጅም ደርድረው ደረጃ ይሠራሉ፤ ሁለት ቀዮች ከአንድ ሐምራዊ ጋር እኩል መሆናቸውን ማንም ሳይነግራቸው ያገኙታል። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ ያዘጋጀቻቸው የቁጥር ዘንጎች በቀይና በሰማያዊ ተከፋፍለው ስለተቀቡ ልጁ ክፍሎቹን እየነካ ይቆጥራል። የኩይዜኔር ዘንግ ግን ምንም ምልክት ስለሌለበት ልጁ መቁጠሩን ትቶ ማነጻጸር ይጀምራል፤ ይህም በዚያ ዕድሜ ከመቁጠር የማይተናነስ ችሎታ ነው። ጋቴኞ እነዚህኑ ዘንጎች ቋንቋ ለማስተማርም ተጠቅሞባቸዋል፤ እኔም «ቀዩን ከቢጫው በስተግራ አስቀምጪ» በሚሉ ትእዛዞች የቦታና የአቅጣጫ ቃላትን ለማስተማር ምቹ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች መደመርና መቀነስ ዘንጎችን ጫፍ ለጫፍ በማጋጠም፣ ማባዛትም ጎን ለጎን ደርድሮ አራት ማዕዘን በመሥራት በቀላሉ ስለሚታዩ በእነርሱ ላይ አልቆይም። ትልቁ ጥቅም ያለው በክፍልፋይ ላይ ነው። ቀዩ ዘንግ የሐምራዊው ግማሽ፣ የጠቆር ያለው አረንጓዴ ሲሶ፣ የብርቱካናማው ደግሞ አንድ አምስተኛ ነው። ዘንጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚነጻጸርበት ነገር ነው፤ ክፍልፋይም የሁለት መጠኖች ዝምድና እንደሆነ ልጁ በእጁ ይዞ ያየዋል። ጠቆር ያለውን አረንጓዴ አንድ ሙሉ ብለን ብንነሣ፣ ግማሹ ፈዛዛው አረንጓዴ፣ ሲሶው ደግሞ ቀዩ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ከቢጫው ጋር እኩል ስለሚሆኑ 1/2 እና 1/3 ተደምረው 5/6 የሚሆኑበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል። በቀዩ ላይ «2» ተብሎ ቢጻፍበት ኖሮ ይህን ሁሉ መሆን ባልቻለ ነበር። በመሆኑም ቁጥር የታተመባቸውን ተመሳሳይ ዘንጎች መግዛትንም ሆነ በእነዚህ ላይ ቁጥር መለጠፍን ፈጽሞ አልደግፍም።

ሥራቸውን ቀድመው ለሚጨርሱ ባለተሰጥኦ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ተጨማሪ የመልመጃ ወረቀት ነው፤ ይህም ፍጥነታቸውን የሚቀጣ አሠራር ስለሆነ ያሳዝነኛል። ለእነዚህ ልጆች የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ ከአንድ ዘንግ ጋር እኩል ርዝመት ያላቸው ስንት ዓይነት ባቡሮች መሥራት ይቻላል? ባቡር የምንለው ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ዘንጎችን ነው፤ ዘንጉ ብቻውንም እንደ አንድ ባቡር ይቆጠራል። የፉርጎዎቹ ቅደም ተከተል ከተለየ ባቡሩም የተለየ ነው። ለቀዩ 2፣ ለፈዛዛው አረንጓዴ 4፣ ለሐምራዊው 8፣ ለቢጫው 16 ይሆናል። ለብርቱካናማው ሁሉንም መሥራት ዘንጎቹ ስለማይበቁ ልጁ ወደ ማሰብ ይገደዳል፤ ርዝመቱን በሚሞሉት ዐሥር ነጮች መካከል ዘጠኝ መጋጠሚያዎች እንዳሉ፣ በእያንዳንዱም ላይ መቁረጥ ወይም አለመቁረጥ እንደሚቻል ሲደርስበት 512 የሚለውን መልስ ከነምክንያቱ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ነጭና ቀይ ብቻ ይፈቀድ ብዬ ደንቡን አጠብቃለሁ። አሁን የሚመጡት ቁጥሮች 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 ናቸው፤ ይኸውም የፊቦናቺ ድርድር ነው። የመጨረሻው ፉርጎ ነጭ ወይም ቀይ ከመሆን ስለማያልፍ እያንዳንዱ ቁጥር ከእርሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ቁጥሮች ድምር እንደሚሆን አንዲት ልጅ ለጓደኞቿ ያስረዳችበትን ክፍለ ጊዜ ከዚህ መሣሪያ ካገኘኋቸው ውጤቶች ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ጉድለቶቹንም መናገር ይገባል። የእንጨቶቹ ቀለም በጠርዞቹና በማዕዘኖቹ ላይ መላላጥ ጀምሯል፤ እንደ ፕላስቲኮቹ በውኃ ዘፍዝፎ ማጠብም አይቻልም። ሆኖም እንጨቱ በጠረጴዛ ላይ ረግቶ ስለሚቀመጥና ለትንሽ እጅ ስለሚመች አሁንም እርሱን እመርጣለሁ። ነጮቹ ኩቦች በቀላሉ ይጠፋሉ፤ ከዚህ በላይ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀሩ የሚችሉ ትንንሽ ዕቃዎች ስለሆኑ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባሉበት ፈጽሞ መቅረብ የለባቸውም። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገር ልጅ ቡናማውን ከጠቆር ያለው አረንጓዴ ጋር ሊያምታታ ይችላል፤ የሁለቱ ርዝመት በ2 ሴንቲ ሜትር ስለሚለያይ በእጁ እየለካ እንዲሠራ ማድረግ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሌላው አስቸጋሪ ነገር ብዙ ልጆች «ቢጫ ማለት አምስት ነው» ብለው መሸምደዳቸው ነው። መፍትሔው ዛሬ ነጩን፣ ነገ ቀዩን፣ ሌላ ቀን ብርቱካናማውን አንድ ብሎ መነሣት ነው።

መሣሪያው የማይሠራው አንድ ትልቅ ሥራ አለ፤ እርሱም የቁጥሮችን የቤት ዋጋ (አንድ ቤት፣ ዐሥር ቤት፣ መቶ ቤት የሚባለውን) ከመቶ በላይ ማሳየት ነው። ዐሥር ብርቱካናማ ዘንጎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ መቶን በግሩም ሁኔታ ያሳያሉ፤ አንድ ሣጥን ግን አራት ብቻ ይዟል፤ ለአንድ ሺሕ ደግሞ መቶ ዘንጎች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የመቶ ጠፍጣፋና የሺሕ ኩብ ያላቸውን የአሥርዮሽ ብሎኮች ጨምሮ መያዝ ግድ ነው። ባለ 74ቱ ሣጥን ለሁለት ልጆች ይበቃል፤ ለሦስተኛው ልጅ ግን ሁለተኛ ሣጥን ያስፈልጋል፤ የባቡር ጥያቄው ከተጀመረ ቀድመው የሚያልቁት ነጮቹ ናቸውና።