ቺፑን ሳልነቅል፦ አሚጋ 1200ን በሶፍትኪክ ለወራት ስጠቀም ያየሁት

ኮሞዶር የሚባለው ኩባንያ የሠራው የድሮ ኮምፒውተር፣ አሚጋ 1200፣ ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። አዲሱን ሲስተም ለመጫን ማሽኑን ፈትቼ የሮም ቺፖቹን (ማሽኑ የሚነሣበት ሶፍትዌር በቋሚነት የተጻፈባቸውን) ልቀይር? ወይስ ሮሙን ከፋይል ራም ላይ ጭኜ ልጠቀም? እኔ ሁለተኛውን መርጬ ከመስከረም ጀምሮ በዚያው እየሠራሁ ነው። አልቆጨኝም። ግን አንዳንዶች እንደሚያወሩት አንዴ ጭነው የሚረሱት ነገር አይደለም።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። አሚጋ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ኪክስታርት የሚባለው ነው። ፕሮግራሞችን በየተራ የሚያሠራው፣ መስኮቶቹን የሚስለው፣ ዲስኩን የሚያነበው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። መጠኑ 512 ኪሎባይት ነው፤ 1200 ላይ በሁለት ቺፕ ተከፍሎ ይቀመጣል። ሶፍትኪክ ማለት ይህንኑ 512 ኪሎባይት ከፋይል አንብቦ ራም ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማሽኑን ሪሴት አድርጎ ከቺፑ ይልቅ ከራሙ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ማሽኑን ስታጠፉት የጫናችሁት ይጠፋል። ስታበሩት የድሮው ቺፕ እንደነበረ ይጠብቃችኋል።

ነገሩ አድናቂዎች ፈጠሩት የምትሉት ብልሃት እንዳይመስላችሁ። ኮሞዶር ራሱ የጀመረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አሚጋ 1000 ኪክስታርቱ ቺፕ ላይ አልነበረም፤ ሶፍትዌሩ ገና ስላልረጋ በፍሎፒ ነበር የሚመጣው። ሰው ማሽኑን ባበራ ቁጥር መጀመሪያ የኪክስታርቱን ፍሎፒ ያስገባል፤ እሱም ለዚሁ ብቻ በተቀመጠ 256 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ ላይ ይጫናል። በ1990 የመጡት የመጀመሪያዎቹ አሚጋ 3000ዎችም ኪክስታርታቸውን የሚጭኑት ከሃርድ ዲስክ ነበር።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አሚጋ ጀርመን ውስጥ በብዛት ስለተሸጠ ያገለገለ ማግኘት ብዙም አይከብድም። የእኔው 1200 ኪክስታርት 3.1 ቺፕ አለው፤ ቁጥሩ 40.68። 68030 ፕሮሰሰርና የራሱ ራም ያለው አክሰለሬተር (ማሽኑን የሚያፈጥን) ካርድ ሰክቼበታለሁ፤ በሃርድ ዲስክ ፋንታ ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው የማስታወሻ ካርድ ነው የገባለት። ሲስተሙ በ2021 የወጣው አሚጋ ኦኤስ 3.2 ነው። ሲዲውን ስትገዙ የሮም ፋይሎቹም አብረው አሉበት፤ ስለዚህ ፋይል ፍለጋ ጥርጣሬ ያለበት ቦታ መግባት አያስፈልግም።

የሮም ፋይል ሌላ ቦታ ካገኛችሁ ግን መጠኑን እዩ። ጥሬው ሮም 524,288 ባይት ነው። 524,299 ከሆነ ፊቱ ላይ 11 ባይት ምልክት የተጨመረበት የተቆለፈ ፋይል ነው፤ ያለ ቁልፍ ፋይሉ አይነሣም።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ሁለት ዓይነት መንገድ አለ፤ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። አንደኛው ኤስኪክ የሚባለው የቆየ ፕሮግራም ነው። ምንም የተለየ ሃርድዌር አይፈልግም። ሮሙን ራም ላይ ሌላ አድራሻ ላይ ያስቀምጥና በውስጡ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ ለአዲሱ ቦታ ያስተካክላል። ለዚህም ለእያንዳንዱ የሮም ቅጂ የአድራሻ ሠንጠረዥ ያለበት ለብቻው የተዘጋጀ ፋይል ይፈልጋል። ሁለተኛው ማፕሮም ነው። ይህ ካርዱ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። ፕሮሰሰሩ የሮሙን አድራሻ ሲጠራ ካርዱ ቀድሞ ከራሱ ራም ይመልስለታል፤ ያንን ቦታ ማንም እንዳይጽፍበትም ይቆልፈዋል። ሠንጠረዥ የለ፣ ማስተካከያ የለ። እኔ ለጥቂት ሳምንት ኤስኪክን ሞክሬ ወደ ማፕሮም ተሻግሬያለሁ። ካርዳችሁ ማፕሮም ካለው ስለ ኤስኪክ አታስቡ።

የእኔን ካርድ ማፕሮም የሚያዘው ብሊዝኪክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። የማስነሻው ስክሪፕት የመጀመሪያ መስመር ላይ አስቀምጬዋለሁ። ማሽኑ ሲበራ በድሮው ቺፕ ይነሣል፣ ብሊዝኪክ አዲሱን ሮም ይጭናል፣ ሪሴት ያደርጋል፣ ማሽኑ እንደገና ይነሣል። በሁለተኛው ዙር ሮሙ መጫኑን ስለሚያይ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ሁለት ጊዜ ቡት ያደርጋል። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋና ይመለሳል፤ መጀመሪያ ሰሞን ያናድዳል። ከዚያ በኋላ ኮንትሮልና ሁለቱን የአሚጋ ቁልፎች ተጭናችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ሪሴት ብታደርጉ አዲሱ ሮም ቦታውን አይለቅም።

ያልጠበቅሁት ጥቅም ፍጥነቱ ነው። የሮም ቺፖቹ ያሉት በ14 ሜጋኸርዝ በሚሄደው በ1200 ቦርድ ላይ ነው። የካርዱ ራም ከዚያ በጣም ይፈጥናል። መስኮት ስትጎትቱ፣ ብዙ ፋይል ያለው ድሮወር (ፎልደር) ስትከፍቱ ይታወቃል። አዲስ ቺፕ ገዝቼ ብሰካ ኖሮ ይህን ለማግኘት መልሼ ወደ ራም መገልበጥ ነበረብኝ።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰውም የማያነሣው ይህንን ነው። ሶፍትኪክ የድሮውን ሮም አያስወጣውም። የድሮው ሮም በር ላይ እንደተቀመጠ ዘበኛ ነው፤ እሱ ሳይከፍት አዲሱ አይገባም። ስለዚህ ዲስካችሁን የምታዘጋጁት አዲሱ በሚችለው ልክ ሳይሆን ድሮው በሚችለው ልክ ነው።

ምን ማለቴ ነው? 3.1 ሮም ውስጥ ያለው የዲስክ ድራይቨር (ዲስኩን የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም) ከ4 ጊጋባይት በላይ አያውቅም። 3.2 ያውቃል። እኔ 32 ጊጋባይት ኮምፓክት ፍላሽ ነው ያለኝ። ሲስተሙ ያለበት ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) የግድ በመጀመሪያው 4 ጊጋባይት ውስጥ መሆን አለበት፤ አለዚያ የድሮው ቺፕ ብሊዝኪክን እንኳ አንብቦ ማስነሣት አይችልም። ከዚያ የባሰም አለ። ከ4 ጊጋባይት ማዶ ያሉት ፓርቲሽኖች በራሳቸው እንዲከፈቱ ከተተዉ፣ በመጀመሪያው ዙር ቡት ላይ የድሮው ድራይቨርም ይከፍታቸዋል። ከ4 ጊጋባይት ያለፈ ቦታ ላይ የሚጽፍ ሲመስለው ቁጥሩ ይዞርና ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጽፋል። ሲስተማችሁ ያለው ደግሞ እዚያው ነው።

የእኔ መፍትሔ ይህ ነው። ትልልቆቹን ፓርቲሽኖች በሃርድ ዲስክ ማዘጋጃው ውስጥ በራሳቸው እንዳይከፈቱ አድርጌአለሁ። ስክሪፕቱ የኪክስታርቱን ቁጥር ያያል፤ 47 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ማለትም 3.2 ከተጫነ፣ ያኔ ይከፍታቸዋል። ካልሆነ ዘሏቸው ያልፋል። ጥቂት መስመር ነው። እስካሁን አንድም ፋይል አልጠፋብኝም።

የጀርመን ኪቦርድ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ያለ ማስነሻ ስክሪፕት ስትነሡ ሮሙ የሚያውቀው የአሜሪካን ኪቦርድ ነው። ዋይና ዜድ ቦታ ይለዋወጣሉ። ችግር ተፈጥሮ ትእዛዝ በእጅ ስትጽፉ የሚያስቅ አይደለም።

ዝማኔ ሲመጣ ግን ሶፍትኪክ ያለው ሰው ንጉሥ ነው። 3.2 ከወጣ በኋላ በ2023 እና በ2025 ማሻሻያዎች ተለቀዋል። ቺፕ የሰካ ሰው አዲሱን ሮም ሲፈልግ ወይ ቺፑን ደግሞ ያስጽፋል ወይ አዲስ ይገዛል። ከዚያ የሠላሳ ዓመት ፕላስቲክ ይፈታል። 1200 ላይ ደግሞ ሶኬቱ 42 እግር፣ ቺፑ 40 እግር ነው፤ አሳስቶ የሰካ ሰው ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። እኔ ፋይል ኮፒ አድርጌ ሪሴት እላለሁ። ባልወደው የድሮውን ፋይል እመልሳለሁ።

ለድሮ ጌሞች ብላችሁ ወደ ኪክስታርት 1.3 ለመውረድ የምታስቡ ከሆነ አትድከሙ። ሮሙ ቢቀየርም ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ቺፖቹ ያው የ1200 ናቸው፤ ስለዚህ የማይሠራው ብዙ ነው። ደብሊውኤችዲሎድ የሚባለው ፕሮግራም የተሻለ ያደርገዋል። ለየጌሙ የሚያስፈልገውን የ1.3 ሮም ራሱ ራም ላይ ይጭናል፤ ስትጨርሱ ወደ ወርክቤንች (የአሚጋው ዴስክቶፕ) ይመልሳችኋል።

አሚጋ 500 ላለው ሰው ምክሬ ሌላ ነው። ካርድና ሃርድ ዲስክ የሌለው፣ ራሙ 1 ሜጋባይት ብቻ የሆነ 500 ላይ ሶፍትኪክ ትርጉም የለውም። ግማሹን ራም ሮሙ ይወስደዋል፤ ባበሩት ቁጥርም ከፍሎፒ መጫን አለ። እዚያ ላይ ቺፑን መግዛት ይሻላል፤ ሶኬቱም አንድ ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የቦርዱን ሪቪዥን ቁጥር እዩ። አንዳንዶቹ የቆዩ ቦርዶች 512 ኪሎባይት ቺፕ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ አይቀበሉም።