የወንድሜን ደጋፊ ሠራተኞች የስኳር እንክብካቤ ላስተማረች ነርስ የቀረበ ምስጋና

በሜልበርን ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም በአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሥራ ላይ ለተሰማራችሁና የቤተሰብ አባል በኤንዲአይኤስ (የአውስትራሊያ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በሚከፍልበት ፕሮግራም) ለሚረዳላችሁ ሁሉ፣ የታናሽ ወንድሜን ሠራተኞች ያሠለጠነችውን የስኳር በሽታ አስተማሪ ነርስ በአደባባይ ለማመስገንና ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለጠየቀችኝ፣ በቤታችን እንደምንጠራት «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ወንድሜ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት፣ በቃል የማይናገርና አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ነው። የሚኖረው ሠራተኞች ቀንና ሌሊት በፈረቃ በሚያገለግሉበት የጋራ ቤት ሲሆን፣ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ የሀገራችን ልጆች ናቸው። ቀደም ሲል የተሰጣቸው ሥልጠና ቪዲዮ ተመልክቶ፣ ጥያቄ መልሶ፣ የምስክር ወረቀት ማተም ነበር። ቪዲዮው የሚለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ስለ ወንድሜ ግን አንድም ቃል የለውም። ሲስተር ግን ሥልጠናው እርሱ በሚኖርበት ቤት፣ እርሱም ባለበት እንዲሆን አጥብቃ ጠየቀች። መጀመሪያም የራሷን ጣት ወግታ ለካችና መለኪያውን በእጁ አስያዘችው፤ ወደ ሠራተኞቹ የዞረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙውን ሰዓት የወሰደው የስኳር መውረድ ጉዳይ ነበር። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረኃብና መነጫነጭ ምልክቶቹ መሆናቸውን ሠራተኞቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ችግሩ ግን «አዞረኝ» ማለት የማይችል ሰው ሲያጋጥም ነው። ሲስተር እያንዳንዱን ሠራተኛ፣ እኔንም ጭምር፣ ባለፉት ጊዜያት ስኳሩ ሲወርድ ወንድሜ ምን ያደርግ እንደነበር ጠየቀችን። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አንድ ልጅ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ደጋግሞ እንደሚጎትትና የቀረበለትን ኩባያ እንደሚገፋ ነገራት። ይህ በመዝገቡ ላይ «የባህሪ ችግር» ተብሎ ሲጻፍ የኖረ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ደንብ መጀመሪያ መለካት፣ ስለ ባህሪው መጻፍ ደግሞ ከዚያ በኋላ እንዲሆን አድርጋለች። እኔ በግሌ፣ ሌላ ምንም ባታስተምር እንኳ ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ሲለካ የደሙ ስኳር ከ4 ሚሊሞል በታች ከሆነ፣ ነቅቶ መዋጥ እስከቻለ ድረስ፣ 15 ግራም ያህል ፈጥኖ የሚሠራ ስኳር ይሰጠዋል፤ ይህም ግማሽ ቆርቆሮ ለስላሳ ወይም በውኃ የተበጠበጠ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ አሁንም ከ4 በታች ከሆነ ይደገማል፤ ከፍ ካለና የሚቀጥለው ምግብ ሩቅ ከሆነ ዳቦ ወይም ወተት ይጨመርለታል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይገባም፤ በጎኑ ተኝቶ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 000 ይደወላል። ይህን እያስረዳች ለአስቸኳይ ጊዜ የተቀመጠውን ሣጥን ከፈተችና ቆርቆሮውን አንሥታ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበች። ስኳር አልባው ዓይነት ነበር። ማንንም አልወቀሰችም፤ ወዲያው እንዲለወጥ ብቻ አደረገች።

ቤተሰቦቻቸው ሀገር ቤት ላሉ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የሚለካው በሚሊሞል፣ አዲስ አበባ ደግሞ በሚሊግራም በመሆኑ፣ «ስኳሩ 10 ነው» ስንላት እናታችን በስልክ ትደነግጥ ነበር። በ18 ማባዛት ይበቃል፤ 10 ማለት 180፣ 4 ማለት ደግሞ 72 ነው።

ስለ ኢንሱሊን መርፌው ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። ሠራተኞቹ ሁልጊዜ የሚቆሙት በአንድ በኩል ስለሆነ የሚወጉትም የሆዱን አንድ ጎን ብቻ ነበር፤ በዚያ ቦታ የተፈጠረውን እብጠት በጣታቸው እንዲዳስሱ አደረገቻቸው፤ እዚያ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ጊዜ ዘግይቶ፣ ሌላ ጊዜ ቸኩሎ እንደሚሠራም አስረዳቻቸው። አሁን ቦታው በየዕለቱ ይቀየራል፣ ይመዘገባልም። ሁለተኛው፣ የተሰጠው መጠን ወዲያውኑ በፊርማ ካልተመዘገበ የሚቀጥለው ፈረቃ ሊደግመው ስለሚችል፣ መዝገቡ ከመርፌው ሣጥን አጠገብ እንዲቀመጥ ሆኗል።

ስለ ምግብም ሩዝና ድንች ብቻ የተሣለበትን ወረቀት ሰጥታን አልሄደችም። እንጀራውን አይታ፣ ስፋቱንና ውፍረቱን ጠይቃ፣ ጤፍ ስኳር አያወጣም የሚለውን በየቤቱ የሚነገር ነገር በትህትና አርማለች፤ የጤፍ እንጀራም እንደማንኛውም የእህል ምግብ ሊሰላ ይገባዋል። የምግቡ ኢንሱሊን ምግቡ ፊቱ ሳይቀርብ እንዳይሰጥ፣ ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ደግሞ አልበላም ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይቀር አስጠንቅቃለች። መጠን መቀየር የሠራተኛው ሥራ አለመሆኑንም በግልጽ ተናግራለች፤ አንዳንዱ ሠራተኛ በዚህ ቅር ቢለውም እኔ ትክክል ነው እላለሁ።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሠራተኛ ፊቷ ቆሞ እንዲሠራ አድርጋለች፤ ያልተሳካለትን ሌላ ቀን መጥታ እንደገና አይታዋለች። እንግሊዝኛዋ ትንሽ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሠራተኞቹ እርስ በርስ በአማርኛ እንዲያስረዱ ጊዜ ትሰጣለች።

ለምትፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ ኤንዲአይኤስ ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ የጤና ድጋፍን፣ የስኳር ክትትልንም ጨምሮ፣ በዕቅድ ውስጥ ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ በዕቅድ ግምገማ ጊዜ የሠራተኞች ሥልጠና እንዲካተት ጠይቁ። የኤንዲአይኤስን አገልግሎት ጥራትና ደኅንነት የሚቆጣጠረው ኮሚሽንም ከቆዳ በታች የሚሰጥ መርፌን ልዩ ክህሎት ከሚጠይቁ ተግባራት መድቦታል፤ ስለዚህ ድርጅቱ ሠራተኞቹን በሚገባ እንዲያሠለጥን መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። የተመሰከረላቸውን አስተማሪዎች በአውስትራሊያ የስኳር በሽታ አስተማሪዎች ማኅበር ድረ ገጽ በሰፈራችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። የእኛዋን ሲስተር የምትፈልጉ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።